የታሰረ እጅ፦ ስለ «የጸደይ ንቃት» የቀረበ ሂስ

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ስለ ተውኔት ቋንቋ ሲጽፍ፣ ተውኔት ያለ ንግግር ሕይወት እንደሌለው፣ ከመድረክ ላይ ድምፅ ከጠፋ የሚቀረው የእጅ መወራጨት ብቻ እንደሆነ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ጽሑፉ በሌላው በኩል ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ቃለ ተውኔት ምጣኔ ያለውን እኔም እቀበለዋለሁ። ይህችን አንዲት ነጥብ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ አንድም ቃል ከአፏ ሳይወጣ ስትቆጣ፣ ስትቀልድ፣ ሰው ስታማና ስትሟገት የምትውል ታላቅ እኅት አለችኝ። ወንድማችን አንድ ምሽት መጥቶ ቢከራከራት ቃል እንዳልጠፋ፣ ያልሠራው የራሱ ዐይን እንደሆነ ይገባው ነበር።

መልሴን በእኅቴ ሳይሆን በአንድ ትርኢት ልጀምር። እኅቴ ኋላ ትመጣለች።

ትርኢቱ «የጸደይ ንቃት» ይባላል። መሠረቱ ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ፍራንክ ቬዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1891 ያሳተመው ተውኔት ነው። እርሱ ጽፎት ሳንሱር እየተቆራረጠ ለመጀመሪያ ጊዜ በርሊን መድረክ ላይ የወጣው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1906 ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ በ2006 አሜሪካውያኑ ስቲቨን ሴተርና ደንከን ሺክ ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ለውጠው ብሮድዌይ አገቡት። ከዚያ ደግሞ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ደፍ ዌስት የተባለው የመስማት የተሳናቸው ተዋንያን ቴአትር እንደገና በምልክት ቋንቋ አዘጋጀው። ይህ በ2014 በትንሽ አዳራሽ የተጀመረ ሥራ በሴፕቴምበር 2015 ብሮድዌይ ደረሰ፤ በጃንዋሪ 2016 ተዘጋ። አዘጋጁ ማይክል አርደን ነው። እኔ የምናገረው ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው።

እውነቱን ልናገርና አዳራሽ ተቀምጬ አላየሁትም። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ኒው ዮርክም ቅርብ አይደለም። ያየሁት ተቆራርጠው የተቀረጹ ክፍሎችን ነው። የቬዴኪንድን ተውኔት ግን በእንግሊዝኛ ትርጉም ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ስለ መብራቱና ስለ መድረኩ ውበት ፍርድ የመስጠት ድፍረቱ የለኝም፤ የምሟገተው በመሠረተ ሐሳቡ ላይ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንዲት የጀርመን ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ አራት ዓመት ወዲህና ወዲያ የሆኑ ልጆች አሉ። ሰውነታቸው እየተለወጠ ነው፤ ምን እየሆኑ እንደሆነ ግን የሚነግራቸው የለም። ዌንድላ ልጅ ከየት እንደሚመጣ እናቷን ትጠይቃለች። እናትየው ታፍራለች፣ ትሽኮረመማለች፣ በመጨረሻ ባልን ከልብ መውደድ ያስፈልጋል በሚል ነገር ትገላገላታለች። ልጅቷ ከሜልኪዮር ጋር ከሆነችው በኋላ ማርገዟን እንኳ አታውቀውም፤ ነገሩን ለመሸፈን በተደረገባት ውርጃ ትሞታለች። ሞሪትዝ ትምህርቱ አልሆንለት ብሎ ራሱን በሽጉጥ ያጠፋል። ሜልኪዮር እውነቱን በወረቀት ጽፎ ለጓደኛው ስላስረዳ ወንጀለኛ ተብሎ ከትምህርት ቤት ይባረራል፤ ኋላም ወደ ማረሚያ ቤት ይጣላል። እንግዲህ እዚህ ተውኔት ውስጥ ሰው የሚገድለው አንድ ክፉ ገጸ ባሕርይ አይደለም። የተነፈገ ቃል ነው የሚገድለው።

የደፍ ዌስት ሰዎች ታዲያ ምን አዩ? ቬዴኪንድ ብዕሩን ከማንሣቱ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1880፣ በሚላን ከተማ የመስማት የተሳናቸው ልጆችን የሚያስተምሩ ሰዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ተሰብሳቢዎቹ ከጥቂቱ በቀር የሚሰሙ ናቸው። ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩ፣ የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲባረር ወሰኑ። ዘዴው ራሱ በዘመኑ «የጀርመን ዘዴ» ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ እጁን ያንቀሳቀሰ ልጅ ተመታ፤ እጁ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ የመምህሩን ከንፈር እያየ ሊሰማው የማይችለውን ድምፅ ከጉሮሮው እንዲያወጣ ተገደደ። የዚያ ጉባኤ ወራሾች ውሳኔውን በይፋ ሽረው ጸጸታቸውን የገለጹት በ2010 በቫንኩቨር ነው። መቶ ሠላሳ ዓመት!

አርደን ይህን ታሪክ ወስዶ ከሙዚቃዊ ተውኔቱ የላቲን ክፍል ውስጥ ከተተው። መስማት የተሳነው ዳንኤል ዱራንት የሚጫወተው ሞሪትዝ፣ በመምህሩ ፊት ቆሞ የሞተ ቋንቋ በማይሰማው ድምፅ እንዲያነበንብ ይገደዳል። ሞሪትዝ ለምን እንደሚወድቅ በመጀመሪያው ተውኔት ሳነብ «ሰነፍ ወይም ፈሪ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። እዚህ ግን የሚወድቀው ፈተናው ለእርሱ ስላልተሠራ ነው። እኛ ሂስ ስንጽፍ «ይዘቱ እንዲህ፣ ቅርጹ እንዲያ» እያልን ሥራውን እንደ በሬ ብልት እንበልተዋለን። እዚህ ላይ ቢላዋው የሚገባበት ቦታ የለም። ልጆቹ የተነፈጉት ቃል እና ልጆቹ የሚናገሩበት እጅ አንድ ነገር ሆኗል። (የቬዴኪንድ መምህራንና ወላጆች የወንድ ልጅን እጅ በሌላም ነገር ይጠረጥሩት እንደነበር ተውኔቱን ያነበበ ያውቃል፤ እርሱን ለአንባቢ ልተወው።)

እዚህ ላይ ለወንድማችን አንድ ነገር ላስታውስ። የምልክት ቋንቋ እጅ መወራጨት አይደለም። ዊልያም ስቶኪ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1960 ባወጣው ጥናት የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ እንደ ማንኛውም ቋንቋ የራሱ ሥርዓት እንዳለው አሳይቷል። ለዓለም ሁሉ የሚያገለግል አንድ የምልክት ቋንቋም የለም፤ እንግሊዛዊና አሜሪካዊ በአፍ ሲግባቡ በእጅ አይግባቡም። የእኛም የራሳችን ነው። ፊደላችን በጣት ሲጻፍ እኮ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይሰጥና እንቅስቃሴው ግእዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ይለያል። እኅቴ ስሜን እንዲህ አድርጋ የጻፈችልኝ ቀን፣ ፊደል ቆጥሬ ማደጌ እንደ አዲስ ነገር ገረመኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ከቋንቋ ቆጥረነው አናውቅም።

ወደ ትርኢቱ ልመለስ። መክፈቻው ላይ ዌንድላ መስተዋት ፊት ትቆማለች። መስተዋቱ ባዶ ክፈፍ ነው። በወዲያኛው በኩል ሌላ ልጅ አለች፤ የዌንድላ ድምፅ ናት። መስማት የተሳናት ሳንድራ ሜይ ፍራንክ በእጇ ትናገራለች፤ ያቺኛዋ ጊታር ይዛ ትዘፍናለች። በዚህ ዓይነት መስማት የተሳናቸው ተዋንያን ሁሉ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ የሚሰጥ ጥላ አላቸው። አንድ ሰው በሁለት አካል። ሰም ከወርቅ የሚለይበት አገር ልጆች ስለሆንን ይህን ለመረዳት አንቸገርም፤ የምንቸገረው ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ ነው በሚለው ላይ ነው። የሚሰማ ሰው ጆሮው ይቀድመዋልና ዘፈኑን ወርቅ፣ እጁን ጌጥ አድርጎ ይወስደዋል። መስተዋቱ ይህን የሚከላከል ይመስለኛል። ድምፅ ነጸብራቅ እንጂ ሰውየዋ አይደለችም ይላል።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በፊት ስመ ጥር የሆነውን የማርክ ሜዶፍን «የታናሽ አምላክ ልጆች» ተመልከቱ። በ1980 ብሮድዌይ ላይ ወጥቶ ትልቁን የቶኒ ሽልማት አግኝቷል፤ መስማት የተሳናት ፊሊስ ፍሬሊክም ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለሣራ ተሸልማበታለች። እዚያ ተውኔት ውስጥ ሣራ በምልክት የምትለውን ሁሉ አስተማሪዋ፣ ኋላም ባሏ የሆነው ሰው ጮክ ብሎ ይደግመዋል። አዳራሹ እንዲገባው ነው። ነገር ግን አስቡት፦ የምትቆጣው በእርሱ፣ ቁጣዋን የሚናገርላት እርሱ። ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ተጣልታ የክስ ማመልከቻዋን የሚጽፍላት ያው ባሏ ሲሆን ማለት ነው። ሥራው ታላቅ ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን ይህ ጉድለቱ ዐይን ውስጥ የሚገባ ነው። ደፍ ዌስት ለዌንድላ የራሷን ድምፅ ሰጣት፤ ለፍቅረኛዋ አፍ አላስረከባትም።

አሁን እኅቴ ትምጣ። ቤታችን በበዓል ሰው ይሞላል። ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን አንዱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ሁሉም በሳቅ ይፈነዳል። እኅቴ የሁላችንንም ፊት ታያለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምንድን ነው ትለኛለች። እኔም ጣቴን አንሥቼ፣ ቆይ፣ ኋላ እነግርሻለሁ። ያ «ኋላ» መጥቶ አያውቅም። ወይም ሲመጣ «ምንም አይደል፣ ስለ አጎቴ ነው» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመጣል። የግማሽ ሰዓት ሳቅ! ክፉ ሰዎች ስለሆንን አይደለም፤ እንወዳታለን። የዌንድላ እናትም ልጇን ትወዳታለች።

ነገሬን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ እያመጣሁት ነው፤ ወደ ወይኑ ቦታ።

ቬዴኪንድ በተውኔቱ መጨረሻ አካባቢ ሀንስኸንና ኤርነስት የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችን በመከር ጊዜ ወይን ቦታ ውስጥ ያስተኛቸዋል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ኤርነስት ኋላ ቄስ ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ በሰላም ስለመኖር ያልማል። ሀንስኸን ይቀልድበታል፤ ከሕይወት ላይ ክሬሙን ገፎ መብላት ነው ይለዋል። ከዚያ ይስመዋል። ኤርነስትም መልሶ ይስመዋል፤ እንደ እርሱ የወደደው ሰው እንደሌለ ይነግረዋል። ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ማንም አይደርስባቸውም።

ይህ «ማንም አይደርስባቸውም» ያልኩት ለእኔ የተውኔቱ ትልቁ ድፍረት ነው። ቬዴኪንድ ይህን ሲጽፍ በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 175 ሥራ ላይ ከዋለ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ወንድ ከወንድ ጋር ቢተኛ እስራት ነው። (አንቀጹ ፈጽሞ የተሻረው በ1994 ነው።) ዌንድላ ሞታለች፤ ሞሪትዝ ሞቷል፤ ሜልኪዮር ታስሯል። ሕጉ የሚፈልጋቸው ሁለቱ ልጆች ብቻ ከወይን ቦታው በእግራቸው ይወጣሉ። ማንኛውም ተራ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ለማስተማሪያ አንዱን ይገድለው ነበር። ልብ በሉ፦ በአንድ ትውልድ ዕድሜ፣ በአንድ አገር፣ ሕጉ ያንን ፍቅር፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እጅን ከልክሏል። ደፍ ዌስት እነዚህን ሁለት ክልከላዎች በአንድ ልጅ ላይ አገናኘ። ኤርነስትን የሚጫወተው ጆሹዋ ካስቲል መስማት የተሳነው ተዋናይ ነው። ስለዚህ ኤርነስት ፍቅሩን የሚናገረው በተከለከለ እጅ ስለ ተከለከለ ነገር ነው። በመላው ትርኢት ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ላይ የሚገጥሙት በዚህች አጭር ትዕይንት ብቻ ነው።

ታዲያ ምን አደረጉበት? አሳቁበት።

ጥፋቱ በመጀመሪያ የደፍ ዌስት አይደለም። የሙዚቃዊ ተውኔቱ ደራሲያን ሀንስኸንን አታላይና ብልጣ ብልጥ፣ ኤርነስትን የዋህ አድርገው ትዕይንቱን ወደ ቀልድ አዘንብለውታል። የዌንድላና የሜልኪዮር ዜማ ይደገማል፤ ያኛው ሲዘፈን ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ይኸኛው ሲዘፈን ይስቃል። ያው ዜማ እኮ ነው! ባየሁት ቅጂ ላይ ሳቁ በግልጽ ይሰማል። ሰዎቹ በክፋት ሳቁ አልልም፤ ደራሲዎቹ ሳቅ ደግሰው ጠርተዋቸዋል።

የደፍ ዌስት የራሱ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሀንስኸንን የሚጫወተው አንዲ ሚየንተስ የሚሰማ ተዋናይ ነው፤ በአፉም በእጁም ይናገራል። ኤርነስት በእጁ ብቻ። በአንድ በኩል ይህ ያስደስታል፤ ጆሮ ያለው ልጅ ለሚወደው ሲል ወደ ተከለከለው ቋንቋ ተሻገረ። በበዓል ትሪ ዙሪያ ያልተደረገው ነገር እዚህ ተደረገ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን አስተውሉ፦ ብልጣ ብልጡ ሁለት ቋንቋ አለው፣ የዋሁ አንድ። የሚያባብለው የሚሰማው ነው፤ የሚባበለው የማይሰማው ነው። ይህ የኃይል ልዩነት ራሱን የቻለ ተውኔት ይወጣው ነበር። አዘጋጁ ያየው አይመስለኝም፤ ካየውም አልፎታል።

ደግሞም ድምፁ አለ። ለኤርነስት ድምፅ የሚሰጠው ሌላ ተዋናይ ነው። ለሁለት ሰዎች ብቻ በሆነች በዚያች ሰዓት ሦስተኛ ሰው አለ ማለት ነው። ለዌንድላ መስተዋት የሆነላት ጥላ ለኤርነስት ምስክር ሆነበት። ምስጢሩን ማንም የማይሰማበት ቋንቋ ያለው ልጅ፣ ምስጢሩ ለአንድ አዳራሽ ሕዝብ ጮክ ብሎ ይነገርበታል። ምን ይደረግ ነበር? እኔ ብሆን ድምፁን ከዚያች ትዕይንት አስወጣው ነበር። የሚሰማው ተመልካች ለሦስት ደቂቃ እንደ እኅቴ ይሁን፤ ፊት እያየ፣ ምንድን ነው እያለ።

አንዳንዱ «መስማት አለመቻልና ወንድ ሆኖ ወንድ መውደድ ምን አገናኛቸው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንድ ናቸው የሚለኝም ቢመጣ አልቀበለውም። ግን ዝምድና አላቸው። ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቋንቋቸውን ከእናታቸው አይወርሱም፤ ከቢጤዎቻቸው ነው የሚማሩት፤ በሚላኑ ክልከላ ዘመን ሳይቀር መምህሩ ዞር ሲል በማደሪያው ውስጥ እርስ በርስ ይማሩት ነበር። አማርኛችን የእናትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል። አፍ ተፈትቶ እጅ ለታሰረበት ልጅ ምን እንደሚባል እንጃ። ኤርነስትም እንደዚሁ ነው፤ እናቱ ቤት ያልነበረ ቃል ነው ወይን ቦታ ውስጥ ያገኘው። ልዩነታቸው ደግሞ ማዕዱ ላይ ነው የሚታየው። አንዷ ሁሉን እያየች የሚነግራት የለም፤ ሌላው ሁሉን እየሰማ የሚናገረው የለም። ሲስቁ አብሮ ይስቃል፤ በራሱም ቢሆን።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለአንዳንድ ወዳጆቼ አሳይቻቸው ነበር። ምክራቸው አንድ ዓይነት ነበር፦ ስለ ምልክት ቋንቋው ያለው ጥሩ ነው፣ ጠቃሚም ነው፣ የወይን ቦታውን ግን ተወው፤ ለእሱ ጊዜው አይደለም፤ ኋላ ይደርሳል። ኋላ! እኔ ያችን ጣት አውቃታለሁ፤ ስንት ዓመት ያነሣኋት ራሴ ነኝ። ወዳጆቼ የሚሉት ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ነገሩን ወንጀል ያደርገዋል፤ ከሕጉ በላይ ደግሞ ሰፈሩ አለ። እኔ ስለ ሕግ አልጻፍኩም፤ ስለ አንድ ተውኔት ነው የጻፍኩት። ግማሹን ቆርጬ ብጽፍ ግን ሳንሱር የቆራረጠውን የ1906ቱን ትርኢት እንደገና ማዘጋጀቴ ነው።

ችግሩ መጻፉ ላይም አለ። በአማርኛ ስለ እነዚህ ልጆች ለመጻፍ ብዕር ስታነሡ ቃሉ ቀድሟችሁ ይፈርዳል። «ደንቆሮ» ስንል መስማት የማይችለውን ነው ወይስ የማያስበውን? አያቶቻችን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጡ፤ እኛም ሰው ስንሰድብ እኅቴን እየሰደብን እንደሆነ አይታወቀንም። ለኤርነስት ያለን ስም ደግሞ እሳት ከወረደባት ከተማ የመጣ ነው፤ ስሙን ስትጠሩ ቅጣቱም ይከተላል። «መስማት የተሳነው» የተሻለ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሰውን በሌለው ነገር ይጠራዋል። በዚህ ጽሑፍ «ወንድ የሚወድ ወንድ» ብዬ በረጅሙ መሄዴ የቃላት ሀብቴ ስላነሰ አይደለም። ስድብ ያልሆነ አንድ አጭር ቃል የሚያውቅ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይላክልኝ፤ የምሬን ነው።

በተረፈ ትርኢቱ ላይ ሌላ ቅሬታ አለኝ። የሚላኑ ታሪክ በክፍል ትዕይንቶቹ ጎልቶ ይወጣና በሌሎቹ ይደበዝዛል፤ ከዚያ በኋላ እጅ ሲንቀሳቀስ መከልከሉን እየረሳን ውበቱን ብቻ ማየት እንጀምራለን። ከሥር ያለው ጽሑፍም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰሙ ሰዎች የጻፉት ነው። በዚያው አገር ራሱ መስማት የተሳነው፣ ራሱም ወንድ የሚወድ፣ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሬይመንድ ሉዛክ በ1993 የእነዚህኑ ሰዎች ጽሑፎች ሰብስቦ በመጽሐፍ አውጥቷል። ብሮድዌይ ግን የሚያውቀውን ዜማ ይመርጣል።

መጨረሻ ላይ ቅጂውን ለእኅቴ አሳየኋት። የአሜሪካኖቹ ምልክት የእኛ ስላልሆነ ጥቂቱን ብቻ ነው የያዘችው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የሚሰማው የትኛው ነው ብላ ነው፤ ሳልመልስላት ሀንስኸንን ጠቆመች። በምን አወቅሽ አልኳት። እጁ አፉን ይጠብቃል አለችኝ። ከዚያ ስለ ሌላኛው ልጅ፣ ድምፅ ስለሚሰጠው፣ ጠየቀች፦ እዚህ ምን ያደርጋል? ድምፁ ነው አልኳት። ለማን? ለእኛ፣ ለምንሰማው። ትንሽ አሰበችና ድምፁን አጥፋው አለችኝ።

አጠፋሁት። ትዕይንቱን እንደገና ከመጀመሪያው አየነው። እስከዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም፤ ሁልጊዜ የምስቀው ሀንስኸን ሊስመው ጎንበስ ሲል ነበር፤ አዳራሹም የሚስቀው እዚያው ላይ ነው። አሁን ሳቅ የለም። ሳቁ ከድምፁ ጋር አብሮ ጠፍቷል። የማየው አንድ ልጅ የሌላውን ልጅ እጅ ሲያይ ነው፤ እጁ ሲነሣ፣ ሲዘገይ፣ ሊለው ያሰበውን ሊመልሰው ሲል፣ ከዚያ ሲለው። እኅቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ምን አለው ብላ ጠየቀችኝ። ቆይ አላልኳትም። ፊልሙን አቁሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ እጄ ሲሳሳት እያረመችኝ፣ አንዱን ምልክት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።